ከሻርጃ እስከ አዳማ ሰሌዳ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ያስመጣልኝ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ አገልግሎት ሲመዘን

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ አጋማሽ አንድ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አስመጥቼ፣ ከጉምሩክ አስለቅቄና አዳማ ላይ አስመዝግቤ ሰሌዳ አስለጥፌበታለሁ። ሥራውን ያሠራሁት አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ይዘው በሚሠሩ የጉምሩክ አስተላላፊዎች፣ በተለምዶ ትራንዚተር በምንላቸው ባለሙያዎች አማካይነት ነው። መኪናውን ከጉምሩክ ለማስለቀቅ 35,000 ብር፣ ለምዝገባው 15,000 ብር ተስማምተን ውሉን በሁለት ገጽ ጽፈን ተፈራርመናል። የመጀመሪያው ሥራ ከጠበቅሁት በላይ ያረካኝ ሲሆን ሁለተኛው ግን አሳዝኖኛል። የምነቅፈው ነገር ስላለ የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ ሆኖም ይህን መንገድ ሊጀምር ያሰበ ሰው ገንዘቡን የት ላይ ቢያወጣ እንደሚጠቅመውና የት ላይ ራሱ ቢቆም እንደሚሻለው በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ መኪናው ምርጫ ጥቂት ልበል። ለብዙ ዓመታት ከዱባይና ከሻርጃ መኪና ማስመጣት ማለት ያገለገለ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ማስመጣት ማለት ነበር። ይህን ልማድ በመጀመሪያ የቀየረው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። አዋጁ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሳቸው እንዲከብድ በማድረጉ፣ አሮጌና ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ላይ ምጣኔው እስከ 500 በመቶ ደርሷል። ቀጥሎ በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። ስለዚህ ሻርጃ የምትኖረው እህቴ “መኪና ልግዛላችሁ” ስትለን የቀረልን ምርጫ የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ነበር። ቻይና ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. የ2021 ሞዴል የሆነ ቮልስዋገን አይዲ 4 አገኘችልን። ይህ መኪና አሁን በአዳማም በአዲስ አበባም መንገድ ላይ በብዛት ስለሚታይ መለዋወጫና ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ይቀላል የሚል ግምት ነበረን፤ ግምታችንም እስካሁን አላሳፈረንም።

ከዚህ ቢሮ በፊት ሁለት ሌሎች አስተላላፊዎችን አነጋግሬ ነበር። ሁለቱም የጠየቁኝ የመኪናውን ዓይነትና የተገዛበትን ዋጋ ሲሆን፣ ወዲያው “ይህን ያህል ይበቃል” ብለው ለቀረጥም ለእነርሱም አገልግሎት የሚሆን አንድ ድምር ነገሩኝ። የዚህኛው ቢሮ ወጣት ባለሙያ ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገር አምጣ አለኝ፤ የሽያጭ ደረሰኙን ቅጂ፣ በሻርጃ የወጣውን የባለቤትነት ማስረጃና ከመኪናው አካል ላይ የተነሣ የሻንሲ ቁጥር ፎቶግራፍ። “ጋሼ፣ ፎቶው ከወረቀት ላይ የተነሣ አይሁን፤ ከብረቱ ላይ ይነሣ። ወረቀቱ ሌላ፣ ብረቱ ሌላ ሲናገር ነው ሰው ወደብ ላይ የሚያለቅሰው” አለኝ። በዕለቱ ነገሩን የማጋነን ልማድ አድርጌ ወስጄው ነበር። እህቴ በፊት መስታወቱ የታችኛ ጥግ ላይ የሚታየውን ቁጥርና በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ በስልኳ አንሥታ ላከችልኝ፤ እኔም አስተላለፍሁለት።

ቁጥሩን እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረኝ እርሱ ነው። የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክቶች አሉት። ቻይና የተሠራ መኪና የመጀመሪያ ፊደሉ ኤል ነው፤ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ የ2021 ሞዴል ከሆነ ኤም የምትባለዋ የላቲን ፊደል ትገኝበታለች። የእኛን መኪና አሥረኛ ምልክት ከስልኬ ላይ አጉልቶ ቆጥሮ አሳየኝ፤ ኤም ነበረች። ሻጩ 2021 ነው ያለው መኪና በእርግጥም 2021 መሆኑን ያረጋገጥሁት፣ ከወንበሬ ሳልነሣ፣ አሥር ምልክት በመቁጠር ነው። መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ራሱ ማድረግ ይችላል፤ ምንም ወጪ የለውም።

የቀረጡን ነገር ሲያስረዳኝ ደግሞ ግምቱን በብር ሳይሆን በዶላር ጽፎ ሰጠኝ። ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና የሚከፍለው የጉምሩክ ቀረጥ በዚያ ወቅት 15 በመቶ ነበር፤ ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ደግሞ ነፃ ነበር። ቀረጡ የሚታሰበው መኪናው በተገዛበት ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውና የመድኑ ወጪ ተደምሮበት በሚገኘው ዋጋ ላይ ነው፤ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ዋጋም ጉምሩክ ከያዘው የዋጋ መረጃ ጋር ይነጻጸራል። ባለሙያው ለእኛ መኪና ወደ 20,000 ዶላር የሚጠጋ የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ ገምቶ፣ ቀረጡ 3,000 ዶላር ገደማ እንደሚሆን ጻፈልኝ። ይህ የሆነው በሰኔ 2016 ነው። በዚያን ጊዜ በባንክ ተመን አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ስለነበር ግምቱ ወደ 171,000 ብር ይመጣል። እኔም ይህንኑ በአእምሮዬ ይዤ ልወጣ ስል፣ “ብሩን አይያዙ፣ ዶላሩን ይያዙ። የሚታሰበው ዲክላራሲዮኑ በሚመዘገብበት ቀን ባለው ምንዛሪ ነው” ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ነገረኝ፤ ዲክላራሲዮን ማለት ስለ ዕቃው ለጉምሩክ የሚቀርበው የማስታወቂያ ሰነድ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። መኪናችን በጥቅምት 2017 ሲደርስ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ115 ብር በላይ ሆኖ ነበር፤ የእኛም ቀረጥ በሰኔ ካሰብነው በእጥፍ ከፍ ብሎ 345,000 ብር አለፈ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ነገር በየዓመቱ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ነገር ግን በሰኔ ወር በብር ብቻ ግምት ተነግሯቸው፣ በጥቅምት ገንዘብ ፍለጋ ዘመድ ለዘመድ ሲዞሩ የቆዩ ሰዎችን አውቃለሁ። እኔ በዶላር የተጻፈ ወረቀት ይዤ ስለነበር ሐምሌ መጨረሻ ላይ አስልቼ፣ የጎደለኝን ለማሟላት ሁለት ወር ከግማሽ ጊዜ አግኝቻለሁ። ይህ የቢሮው ትልቅ ውለታ ነው ብዬ እቆጥረዋለሁ።

መኪናው ከጀበል ዓሊ ወደብ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ተጫነ። አይዲ 4 ርዝመቱ 4 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ በዚህ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል፤ የተለየ የመኪና መርከብ መጠበቅ አያስፈልገውም። ከኅዳር 2016 ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በመርከቦች ላይ በደረሱት ጥቃቶች ምክንያት ወደ ጅቡቲ ለሚመጣ ጭነት የሚከፈለው የመድን አረቦን ጨምሮ ነበር፤ ይህም ቀረጡ በሚታሰብበት ዋጋ ውስጥ ስለሚገባ ቢሮው አስቀድሞ አስታውሶናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መርከቡ ከተነሣ በኋላ የመጫኛ ሰነዱ፣ ማለትም ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባለው ወረቀት፣ በኢሜይል ደረሰን። እኔ ስሜ በትክክል መጻፉን፣ የመኪናው ቀለም ነጭ መባሉን፣ መዳረሻው የሞጆ ደረቅ ወደብ መሆኑን አይቼ ደህና ነው ብዬ ለቢሮው ላክሁት። በማግሥቱ ጠዋት ወጣቱ ባለሙያ ደውሎ ወደ ቢሮ ናልኝ አለ። ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርጓል፤ አንዱ የመጫኛ ሰነዱ፣ ሌላው በሰኔ የላክሁለት የሻንሲ ቁጥር ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ። በእርሳስ ከመጨረሻው አራተኛዋን ምልክት አከበበና፣ “ጋሼ፣ ይቺ ዜሮ ናት ወይስ ኦ?” ብሎ ጠየቀኝ።

ብዙ ጊዜ አየኋት። በፎቶው ላይ ያለችው ቀጠን ብላ የቆመች ዜሮ ናት። በመጫኛ ሰነዱ ላይ ያለችው ግን ወደ ጎን ሰፋ ያለች፣ ክብ ኦ ነበረች። እኔ ልዩነቱ የጽሕፈት መኪናው ፊደል አጣጣል መስሎኝ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል አልኩ። እርሱ ግን በሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ፈጽሞ እንደማይገቡ፣ ስለዚህ ይህ ቁጥር በዓለም ላይ የየትኛውም መኪና ሊሆን እንደማይችል አስረዳኝ። ሰውም ኮምፒውተርም ቢያየው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው መኪናና ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው መኪና ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ናቸው። ዲክላራሲዮኑ በዚሁ ቁጥር ከተመዘገበ በኋላ ስሕተቱ በፍተሻ ቢገኝ ማረሚያው ረጅም ነው፤ መኪናው ደረቅ ወደብ ውስጥ ቆሞ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፤ ኮንቴይነሩም ባለመመለሱ በየቀኑ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ ይታሰብበታል።

መርከቡ ገና በባሕር ላይ ስለነበር እህቴ ሻርጃ ወዳለው ጫኝ ወኪል ሄዳ፣ የመኪናውን የባለቤትነት ማስረጃ አሳይታ፣ የተስተካከለ ሰነድ አሠራች። ለማረሚያው የከፈለችው ገንዘብ ከአንድ ቀን ምሳና ትራንስፖርት ብዙ አይበልጥም፤ የወሰደውም አራት ቀን ነው። ሰነዱ የተስተካከለው መርከቡ ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት ነው። ይህን አንድ ፊደል ያየልኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ያህል እንደምከፍል በትክክል መናገር አልችልም፤ ነገር ግን በሞጆ ከእኛ ጎን በተመሳሳይ ስሕተት የቆመ መኪና ባለቤት ሦስተኛ ሳምንቱን እንደያዘ ራሱ ነግሮኛል። የአስተላላፊ ዋጋ የሚመዘነው በሚሯሯጠው መጠን ነው ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የምከፍለው ቁጭ ብሎ በጥንቃቄ ለሚያነብልኝ ሰው እንደሆነ ገባኝ።

ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ያለው ጉዞ የሚያነጋግር ነገር የለውም። ኮንቴይነሩ በከባድ መኪና ተጭኖ ደረሰ፤ ሞጆ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከእኛ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ስለሆነች በፍተሻው ቀን ጠዋት ሄጄ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተመልሻለሁ። ለአዳማ ነዋሪ ይህ ቅርበት ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከአዋሳ ወይም ከዚያ ርቀው የሚመጡ ሰዎች ለአንድ ፊርማ ሲያድሩ አይቻለሁ።

ፍተሻው ግን የራሱ ታሪክ ነበረው። ዲክላራሲዮኑ የደረሰው ቀይ መስመር ሲሆን፣ ይህም ሰነዱ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ራሱ በአካል ይታያል ማለት ነው። ኮንቴይነሩ ሲከፈት መኪናው ጭጭ ብሏል፤ መብራት የለውም፣ በሩም በሪሞት አይከፈትም። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ቢሞላም መቆለፊያውንና ኮምፒውተሩን የሚያነቃው እንደ ማንኛውም መኪና ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ እርሱ ደግሞ ሳምንታት ከቆመ ይሞታል። ከጎኔ የቆሙ ሰዎች “ተበላሽቶ ነው የመጣው” ማለት ጀመሩ፤ እኔም ልቤ ወደቀ። ወጣቱ ባለሙያ የሪሞቱን ጀርባ ጫን ብሎ ውስጡ የተደበቀውን የብረት ቁልፍ አወጣ፤ በሹፌሩ በር መያዣ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ክዳን በጥፍሩ ላጥ ሲያደርጋት ከሥሯ የቁልፍ ቀዳዳ ብቅ አለ። በሩን ከፈተ፣ ቦኔቱን አስለቀቀ፣ ከአዳማ ይዞት በመጣው ባትሪ አስነሣው። የፊት መስታወቱ ሥር ያለው ቁጥር፣ የበሩ ሰሌዳና የተስተካከለው ሰነድ በፈታሹ ፊት ተመሳከሩ፤ ልዩነት አልተገኘም። ፈታሹ በጣቱ አቧራውን ጠርጎ ቁጥሩን ሲያነብ እኔም ከኋላው ሆኜ በልቤ አብሬው አነበብሁ። ያቺ ዜሮ ስትደርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ቀረጡን በባንክ ከፍለን፣ የመልቀቂያው ሰነድ ወጥቶ፣ መኪናው በአራተኛው ቀን አዳማ ገባ። እስከዚህ ድረስ ለቢሮው የከፈልሁት 35,000 ብር ምንም አልቆጨኝም።

ምዝገባው ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቢሮው ጉምሩኩን በራሱ ባለሙያ ሲሠራ፣ ምዝገባውን የሚሰጠው ከውጭ ለሚያመጣው ጉዳይ አስፈጻሚ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በውሉ ላይ “ምዝገባና ሰሌዳ” ተብሎ በአንድ መስመር ብቻ ተጽፎ ስለነበር ማን እንደሚሠራው መጠየቅ ነበረብኝ። ጉዳይ አስፈጻሚው በስልክ፣ “መታወቂያዎን ብቻ ይላኩልኝ፣ እርስዎ መድከም የለብዎትም” አለኝ። በሁለተኛው ቀን ደውሎ ውክልና እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ዲክላራሲዮኑም የመጫኛ ሰነዱም በእኔ ስም ስለሆኑ፣ በእኔ ምትክ ለሚቀርብ ሰው በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና መጠየቁ ትክክልና ለእኔም ጥበቃ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለመነገሩ ግን ጉድለት ነው። ውክልናውን ሠርቼ ስሰጠው ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ ጠፋው፤ ቀደም ብዬ ለቢሮው የሰጠሁት ፋይል ውስጥ ነበር።

ከዚያ የሞተር ቁጥር ነገር መጣ። የምዝገባ ቅጾች የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ይጠይቃሉ። የነዳጅ መኪና ላይ ቦኔት ተከፍቶ ይነበባል። የእኛ መኪና ሞተር ግን ያለው ከኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ወለሉ ሥር ነው፤ ቁጥሩን ለማንበብ መኪናውን ማንሣት ያስፈልጋል። ጉዳይ አስፈጻሚው ይህን ስላላወቀ መኪናውን ለምርመራ ሁለት ጊዜ አስወስዶ ሁለት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው ቀን እኔው ራሴ ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄ በሊፍት አስነሥቼ፣ መካኒኩ ጭቃውን በጨርቅ ጠርጎ ቁጥሩን ፎቶ አነሣልኝ። ለዚህ ሥራ 500 ብር ብቻ ነው የከፈልሁት። ባለ ኋላ ሞተር የኤሌክትሪክ መኪና የምታስመዘግቡ ሁሉ ወደ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ፎቶ በእጃችሁ ያዙ፤ ብትችሉ ገና ሳይጫን፣ እዚያው የተገዛበት አገር እያለ አስነሡት።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ከዚህ የከበደ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መነዳት አይችልም፤ ስለዚህ ከምዝገባው ጋር መድኑ መገዛት ነበረበት። ጉዳይ አስፈጻሚው መድኑን ገዝቶ ምስክር ወረቀቱን ሲያመጣልኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ ቁጥሩን ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። ከመጨረሻው አራተኛዋ ምልክት ኦ ነበረች። ያቺው ኦ። ቢሮው ራሱ ያገኛትና ያሳረማት፣ እህቴ ጫኝ ወኪሉ ድረስ የሄደችላት ስሕተት፣ አሮጌው ሰነድ ከፋይሉ ስላልወጣ ተመልሳ መድኑ ላይ ተጻፈች። ጉዳይ አስፈጻሚው ሁለቱ ቅጂዎች እንደሚለያዩ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

ሰዎች “መድን ነው፣ ሊብሬ አይደለም፣ ምን ችግር አለው” ሲሉ ሰምቻለሁ። ችግሩ የሚመጣው በአደጋ ቀን ነው። አንድ ሰው ተገጭቶ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ካሳውን የሚከፍለው ወገን መጀመሪያ የሚያየው በወረቀቱ ላይ ያለው መኪና በእርግጥ አደጋውን ያደረሰው መኪና መሆኑን ነው። የሌለ የሻንሲ ቁጥር የያዘ መድን ይዞ መንገድ ላይ መውጣት ለእኔ ብቻ ሳይሆን ምንም ለማያውቀው እግረኛም በደል ይሆናል። በዚህ ነገር ላይ ቀላል የሚባል ስሕተት የለም ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ነው ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ ድምፄን ባላነሣም፣ የመረረ ቅሬታዬን ያቀረብሁት።

የቢሮው ባለቤት የሆኑት ሴት ቅሬታዬን ተቀምጠው ሰሙ። ሰበብ አልደረደሩም። “ጥፋቱ የእኛ ነው። የድሮውን ቅጂ ‘የተሰረዘ’ ብለን መጻፍ ነበረብን” ብለው እዚያው ፊቴ ፋይሉን አስመጡና በአሮጌው ሰነድ ላይ በቀይ ስክሪብቶ ሁለት መስመር አሰመሩበት። መድኑ በዚያው ሳምንት በትክክለኛው ቁጥር ተተካ፤ ወጪውንም ቢሮው ሸፈነ። ስሕተት ሲሠራ እንዲህ ማረም መቻል በራሱ የሚመሰገን ነገር ነው፤ ሆኖም እኔ ባላስተያየው ኖሮ የሚያርመው ሰው እንደማይኖር መዘንጋት የለበትም።

ስለ ሒሳቡም ልናገር። ከተስማማንበት ዋጋ ውጪ “ልዩ ልዩ ወጪ” ተብሎ 9,600 ብር ቀረበልኝ። ከዚህ ውስጥ ለ4,400 ብሩ ደረሰኝ ሲኖረው ለቀረው 5,200 ብር አልነበረውም። ምን ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይዘርዘርልኝ ብዬ ስጠይቅ፣ ዝርዝሩ ከተሠራ በኋላ 3,000 ብሩ ማስረጃ ሊቀርብለት ስላልቻለ ተመለሰልኝ። የተመለሰው ባለመካድ ስለሆነ ይህን እንደ ማጭበርበር አልቆጥረውም። ነገር ግን ዝርዝር ባልጠይቅ ኖሮ እንደሚቀር ግልጽ ነው። ውል ስትዋዋሉ “ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይከፈልም” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ ጥሩ ቢሮ ይህን አይቃወምም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው ቢጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ለጉምሩኩ ሥራ ይህን ቢሮ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በተለይ ያን ወጣት ባለሙያ። ለምዝገባው ግን አልመክርም፤ አዳማ ላይ የሚኖር ሰው አንድ ሁለት ቀን መድቦ ራሱ ቢያስፈጽመው 15,000 ብሩንም ይቆጥባል፣ የሚጎድለውን ወረቀትም በሰው አፍ ሳይሆን ከመስኮቱ ላይ በቀጥታ ይሰማል። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሄድኩባቸው ቀናት ላይ የተጠየቅሁት ነገር ሁሉ ቀድሞ በእጄ ሊኖር የሚችል ነበር፤ ዲክላራሲዮኑ፣ የቀረጥ ክፍያ ደረሰኙ፣ የግዢና የመጫኛ ሰነዶቹ፣ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ መድኑና የተሽከርካሪው ምርመራ ውጤት።

ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ሁለት ነገር ጨምሬ ላስጠንቅቅ። ክፍያው በውጭ አገር በዘመድ የሚፈጸም ከሆነ፣ በዚያ መንገድ የሚገባ መኪና የሚያስፈልገውን ፈቃድ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት አስተላላፊያችሁን አስጠይቁ፤ ደንቡ በየጊዜው ስለሚለወጥ የጎረቤት ልምድ አይበቃም። ሁለተኛው ባትሪው ነው። እህቴ የመኪናውን ዋጋ ከመክፈሏ በፊት ሻርጃ ባለ ጋራዥ የባትሪውን ጤንነት አስመርምራ 91 በመቶ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ወስዳለች። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ውዱ ነገር ባትሪው ስለሆነ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይቶ መግዛት የሞተር ድምፅ ሳይሰሙ የነዳጅ መኪና እንደ መግዛት ነው። የቻይናው ሞዴል የኃይል መሙያ መሰኪያም የቻይና ዓይነት መሆኑን አትርሱ፤ ለአውሮፓ የተሠራ ቻርጀር አይገባበትም። እኛ ቤት ውስጥ ያስገጠምነውን የ220 ቮልት መሙያ ከመግዛታችን በፊት የመሰኪያውን ቅርጽ በፎቶ ይዘን ነበር የሄድነው።

ሰሌዳው በታኅሣሥ አጋማሽ ተሰጠን፤ በነጭ ላይ በሰማያዊ የተጻፈ ኮድ 2፣ ኦሮ። ሊብሬውን ስቀበል መስኮቱ ፊት ቆሜ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ቢኖርም ይቅርታ ጠይቄ፣ የታተመውን ፎቶግራፍ ከኪሴ አወጣሁና 17ቱን ምልክቶች በጣቴ እያስያዝሁ አስተያየሁ። ከመጨረሻው አራተኛዋ ቀጠን ያለች ዜሮ ናት። ሊብሬውን አጥፌ ከፎቶው ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አስቀመጥሁና መኪናዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።